ለቼሎ ተማሪዋ የተጠየቀ ቦታ፦ በለንደን የታየ የትምህርት ቤት ቅበላ ይግባኝ

ይህ የጉዳይ ጥናት በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው በመረጡላት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦታ ስትከለከል ያቀረቡትን ይግባኝ ከመነሻው እስከ ውሳኔው ይከተላል። ማመልከቻውንና ማስረጃውን ሲያዘጋጁ አብሬያቸው የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የቤተሰቡን፣ የትምህርት ቤቶቹንና የካውንስሉን (የአካባቢውን አስተዳደር) ስም ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ለመጻፍ ያነሳሳኝ በማኅበረሰባችን ደጋግሜ ያየሁት አንድ እምነት ነው። ልጃቸው በሙዚቃ የታደለ ወላጆች ብዙ ጊዜ ተሰጥኦው በራሱ ይከራከርልናል ብለው ወደ ይግባኝ ይገባሉ፤ ይግባኝ ሰሚው ፓነል ግን እንዲመዝን በሕግ የታዘዘው ሌላ ነገር ነው።

ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው ለንደን ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ እናቷ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቷ አራተኛው ዓመት ላይ ሙሉው ክፍል ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ እንዲማር ሲደረግ ለእሷ በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ መሣሪያ፣ ቼሎ ደረሳት። ዓመቱ አልቆ ሌሎቹ ልጆች መሣሪያቸውን ሲመልሱ የሙዚቃ መምህሯ የካውንስሉን የሙዚቃ አገልግሎት ጠይቃ ቼሎው በውሰት እንዲቆይላት፣ በሳምንት አንድ ጊዜም ለብቻዋ እንድትማር አደረገች። ከቼሎው በፊት ግን ሌላ ትምህርት ነበራት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ሕፃናቱ ሁሉ የኔታ እያሉ ከሚጠሯቸው መሪጌታ ዘንድ ዜማ ትማራለች። በዚህ ደረጃ ያለው የዜማ ትምህርት በቃል የሚሰጥ ነው፤ መምህሩ ያሰማሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ ይመልሳል፣ የሳተውን መምህሩ ያርሙታል፣ ጆሮው ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለይቶ እስኪያውቅ ድረስም ይህ ይደጋገማል። ወላጆቹ ይህን የሃይማኖት ትምህርት ነው እንጂ የሙዚቃ ትምህርት ነው ብለው አስበውት አያውቁም ነበር፤ በማመልከቻቸው የመጀመሪያ ረቂቅ ላይም አንድ ቃል አልተጻፈለትም።

በእንግሊዝ አገር ለሁለተኛ ደረጃ የሚቀርበው ማመልከቻ እስከ ኦክቶበር 31 ለመኖሪያ ካውንስል ይገባል፤ ምደባው ማርች 1 ይገለጻል። ከዚህ ጎን ለጎን፣ በክዋኔ ጥበባት ላይ የተለየ ትኩረት ያለው ትምህርት ቤት ከሚቀበላቸው ተማሪዎች እስከ አሥር በመቶ የሚሆኑትን በዝንባሌ ፈተና እንዲመርጥ የቅበላ ደንቡ ይፈቅድለታል። ፈተናው መለካት ያለበት ለትምህርቱ ያለውን ዝንባሌ እንጂ ልጁ እስከዚያ የደረሰበትን የችሎታ ደረጃ አይደለም፤ ስለዚህ በግል አስተማሪ ያልተማረ ልጅም በር አለው ማለት ነው። ቤተሰቡ የመረጠው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ፈተና ይሰጣል። ችግሩ ለፈተናው የሚሞላው ቅጽ ከዋናው ማመልከቻ የተለየ መሆኑና የሚዘጋውም ልጆቹ የአምስተኛ ዓመት ትምህርታቸውን ሳያጠናቅቁ፣ ከኦክቶበር ወራት ቀድሞ በጁን መሆኑ ነው። ወላጆቹ ይህን ያወቁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። በዋናው ማመልከቻ ላይ ትምህርት ቤቱን አንደኛ ምርጫ አድርገው ቢጽፉም ልጅቷ የተወዳደረችው በቤት ርቀት ብቻ ሆነ፤ ቤታቸው ደግሞ በዚያ ዓመት የመጨረሻው ልጅ ከተቀበለበት ርቀት ውጪ ነው። ማርች 1 ላይ ለቤታቸው የሚቀርብ ሌላ ትምህርት ቤት ተመደበላት።

እናቷ በማግሥቱ ሲደውሉልኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የተሰጠውን ቦታ እምቢ ቢሉ ይግባኙ ይጠነክር እንደሆነ ነበር። ይህ በጣም የተስፋፋና አደገኛ ሐሳብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። የተሰጠን ቦታ መቀበል ይግባኙን በምንም መንገድ አያዳክምም፤ ፓነሉም እንደ መስማማት አይቆጥረውም። ቦታውን መመለስ ግን ይግባኙ ካልተሳካ ልጁን ሴፕቴምበር ላይ ያለ ትምህርት ቤት ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ወላጆቹ በዚያው ሳምንት ሦስት ነገር አደረጉ፦ የተመደበውን ቦታ ተቀበሉ፣ በመረጡት ትምህርት ቤት ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ልጅቷ መመዝገቧን አረጋገጡ፣ የይግባኝ ቅጹን አስገቡ። ይግባኝ ለማቅረብ ቢያንስ 20 የትምህርት ቀናት ይሰጣሉ፤ ክፍያ የለውም። ዋናው ማስረጃ ቅጹ ከገባ በኋላም እስከ ተወሰነው ቀን ድረስ ሊጨመር ይችላል፤ ቀኑን መጠበቅ ግን ግዴታ ነው፤ ዘግይቶ የመጣን ወረቀት ፓነሉ ላያየው ይችላል።

ሕጉ የሚጠይቀው ይህ ነው። የ1998ቱ የትምህርት ቤቶች ደረጃና ማዕቀፍ ሕግ የይግባኝ መብትን ለወላጅ ይሰጣል፤ አሠራሩን የሚዘረዝረው በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የቅበላ ይግባኝ ደንብ ነው። ፓነሉ ከትምህርት ቤቱ ነጻ የሆኑ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ያሉበት ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ በትምህርት ሥራ ያለፈ፣ አንዱ ደግሞ ከዚያ ዓለም ውጪ ያለ ተራ ዜጋ መሆን አለበት። ጉዳዩን በሁለት ደረጃ ያዩታል። በመጀመሪያው ደረጃ የቅበላ መሥፈርቱ ሕጋዊ ነው ወይ፣ በዚህ ልጅ ላይስ በትክክል ተፈጽሟል ወይ ብለው ይመረምራሉ፤ ተጨማሪ ልጅ መቀበል በትምህርቱ አሰጣጥና በሀብት አጠቃቀሙ ላይ ጉዳት ያደርስ እንደሆነ የማስረዳቱ ሸክም የትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ካስረዳ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል፤ በዚያም ልጁ ባይገባ በእሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ትምህርት ቤቱ ላይ ከሚደርሰው ይበልጥ እንደሆነ ይመዘናል። ከሚሰሙት የሁለተኛ ደረጃ ይግባኞች የሚሳካው በግምት ከአምስት አንዱ ነው፤ ለወላጆቹ ይህንንም አልደበቅኩም።

አባቷ የነበራቸው ዕቅድ አጭር ነበር። «ቼሎዋን ይዛ ትግባና ሁለት ደቂቃ ትጫወትላቸው፤ ከዚያ በኋላ እምቢ የሚል ካለ እናያለን» አሉኝ። የአባት ኩራት ነውና ቃሉን ማፍረስ ቢከብደኝም፣ ፓነሉ የሙዚቃ ዳኛ ሆኖ ልጅን የመፈተን ሥልጣን እንደሌለው ማስረዳት ነበረብኝ። ልጅቷ ጎበዝ መሆኗን ሦስቱም የፓነሉ አባላት በሙሉ ልብ ቢያምኑ እንኳ ጥያቄው ገና አልተመለሰም፤ ጎበዝ ልጅ በየትም ትምህርት ቤት ጎበዝ ልትሆን ትችላለችና። መመለስ ያለበት ጥያቄ በተፈለገው ትምህርት ቤት ያለው፣ በተመደበው የሌለው፣ ለዚህች ልጅ ደግሞ የግድ የሆነው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው።

እናቷ በአማርኛ የጻፉት የመጀመሪያ ረቂቅ ልብ የሚነካ ነበር። ስለ ስደቱ፣ ስለ ሌሊት ሥራው፣ ስለ ልጃቸው ትሕትና ይናገራል፤ መጨረሻው «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ» የሚል ልመና ነው። በመካከሉም የተመደበው ትምህርት ቤት ጠብ የበዛበት ነው የሚባል ወሬ ሰፍሯል። ወሬውን ሙሉ በሙሉ እንዲያወጡት ጠየቅኳቸው፤ አንድን ትምህርት ቤት ማጥላላት ለፓነሉ ምንም አይነግረውም፣ ሲከፋም ቤተሰቡ ከዚያ ትምህርት ቤት ለመሸሽ እንጂ ይህንን ፈልጎ አልመጣም የሚል ጥርጣሬ ያሳድራል። የቤተሰቡን ታሪክ ግን አላስጣልኳቸውም። በግል አስተማሪ መቅጠር ለምን እንደማይቻል የሚያስረዳውን ክፍል፣ ከሁለቱም ወላጆች የሥራ ሰዓት ጋር አስተሳስረን በአንድ አንቀጽ አስቀመጥነው።

ከዚያ ወደ ማስረጃው ገባን፤ ጉዳዩ መልክ የያዘውም እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ኤቢአርኤስኤም የተባለው የሙዚቃ ፈተና ሰጪ ድርጅት የሚሰጠውን የአራተኛ ደረጃ የቼሎ ፈተና በዲስቲንክሽን፣ ማለትም በከፍተኛው ማዕረግ፣ አልፋ ነበር፤ ወላጆቹ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እኔ የፈለግሁት ግን ከወረቀቱ ጋር የሚመጣውን የነጥብ ዝርዝር ነበር፤ እሱም ከአንድ መሳቢያ ሥር ተጣጥፎ ተገኘ። ፈተናው ከ150 ይያዛል፤ 130ና ከዚያ በላይ ዲስቲንክሽን ነው። ልጅቷ በሦስቱ ሥራዎች ከ90 ነጥብ 82፣ በስኬል (ድምፆችን በቅደም ተከተል በመጫወት) ከ21 ነጥብ 19 አግኝታለች። መርማሪው የሚያሰማውን ሰምቶ መመለስን በሚጠይቀው የጆሮ ፈተና ደግሞ ከ18 ነጥብ 18 አላት። ከዚህ በፊት ያላየችውን ኖታ እያነበበች በምትጫወትበት ክፍል ግን ከ21 ነጥብ ያገኘችው 12 ብቻ ነው፤ የዚህ ክፍል ማለፊያ 14 ነው። ድምሩ 131 ይሆናል። ወላጆቹ ይህቺ 12 እንዳትታይ ፈልገው ነበር። እኔ ደግሞ ከወረቀቱ ሁሉ የሚጠቅመን እሷ እንደሆነች ተሰማኝ፤ ሙሉ ጆሮና ወደኋላ የቀረ ንባብ ጎን ለጎን የተጻፉበት ወረቀት ልጅቷ ምን እንደሚያስፈልጋት ከማንም ምስክር በላይ ይናገራልና።

የጆሮዋ ምንጭ የት እንደሆነ የሚያውቁት የኔታ ናቸው። መጀመሪያ የጻፉላት ደብዳቤ «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ጸጋ የተሰጣት» የሚል ነበር፤ እውነት ቢሆንም ለፓነሉ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ከቅዳሴ በኋላ አግኝቼ፣ «የኔታ፣ ሌሎቹ ልጆች አንድ ዜማ ለመቀበል ምን ያህል ይፈጅባቸዋል? እሷስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ሌሎቹ ሳምንቱን ሙሉ ይመላለሱበታል፤ እሷ ሦስቴ ከሰማች ለታናናሾቿ ታስቀጽላለች» አሉ። እንደዚያው ጻፉት። ከስንት ዓመቷ ጀምራ እንደምትማር፣ ውዳሴ ማርያምን በዜማ የትኛው ድረስ እንደዘለቀች፣ ትምህርቱ ያለ ወረቀት በመስማት ብቻ እንደሚሰጥ ጨመሩበት፤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞም ከነጥብ ዝርዝሩ አጠገብ ተያያዘ። የመጀመሪያ ደረጃ የሙዚቃ መምህሯ በበኩሏ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጠች። የውሰቱ ቼሎ በጁላይ እንደሚመለስ፣ ልጅቷ ከሌሎች ጋር ተቀምጣ በማንበብ ካልተለማመደች ክፍተቱ እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ለዚህም ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ልጆች አብረው የሚለማመዱበት ሳምንታዊ የአውታር ቡድን እንደሚያስፈልጋት በሙያ ቃል አስረዳች።

የቀረው የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ልዩነት ማሳየት ነበር። እናቷ ለተመደበው ትምህርት ቤት በኢሜይል፣ በትሕትና፣ የትኞቹን መሣሪያዎች እንደሚያስተምሩና የአውታር ቡድን እንዳላቸው ጠየቁ። መልሱ ፈጥኖና ቀና ሆኖ መጣ፦ ጊታር፣ ከበሮ፣ ኪቦርድና ድምፅ ያስተምራሉ፤ የአውታር ቡድንም ሆነ ኦርኬስትራ የላቸውም፤ በቂ ተማሪ ከተገኘ የቼሎ አስተማሪ ሊያፈላልጉ ይችላሉ። የተፈለገው ትምህርት ቤት ደግሞ በድረ ገጹ ላይ ለጀማሪዎችና ለበሰሉት የተለያዩ ሁለት የአውታር ቡድኖች እንዳሉት፣ አቅም ለሌላቸው ልጆች መሣሪያ እንደሚያውስና የትምህርት ክፍያውን እንደሚቀንስ ጽፏል። ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ አያያዝናቸው፤ የራሳችንን አስተያየት አልጨመርንበትም።

እዚህ ላይ አባቷ ያነሱትን አንድ ጥያቄ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ሌሎች ወላጆችም ይጠይቁኛል። በእንግሊዝ አገር በሙዚቃ ብቻ የታወቁ ልዩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በማንቸስተር ያለው ቼተምስ፣ የፐርሴል ትምህርት ቤት፣ የየሁዲ ሜኑሂን ትምህርት ቤትና የዌልስ ካቴድራል ትምህርት ቤት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። የግል ቢሆኑም መንግሥት የሙዚቃና የዳንስ ዕቅድ በሚባለው በኩል የክፍያውን ድርሻ እንደ ቤተሰቡ ገቢ ይሸፍናል፤ ገንዘብ የለንም ብሎ አስቀድሞ መተው አያስፈልግም። መግቢያቸው ግን በራሳቸው ኦዲሽን፣ ማለትም ተጫውቶ በማሳየት ፈተና፣ ነው፤ ተማሪዎቻቸውም ብዙዎቹ አዳሪዎች ናቸው። ይህ ቤተሰብ ልጁን ከቤቱና ከየኔታ ለይቶ መላክ አልፈለገም።

ችሎቱ በአካል ተካሄደ። በመጀመሪያው ደረጃ የበርካታ ቤተሰቦች ይግባኝ በአንድ ላይ ነበር የተሰማው። የትምህርት ቤቱ ተወካይ ስድስት ክፍሎች በየክፍሉ 30 ተማሪ እንደያዙ፣ የሳይንስ ቤተ ሙከራዎቹ ከዚያ በላይ እንደማይችሉ፣ በምሳ ሰዓት መተላለፊያው እንደሚጨናነቅ አስረዳ። በክፍል 30 የሚለው ቁጥር በሕግ ጣሪያ የሆነው ለመጀመሪያዎቹ የሕፃናት ክፍሎች ብቻ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ የትምህርት ቤቱ የራሱ ዕቅድ ነው። አንድ አባት ይህን አንሥተው ጠየቁ፤ ተወካዩም አመነ። ስለ ዝንባሌ ፈተናው መመዝገቢያ ቀን ግን እኛ ምንም አላነሣንም። ወላጆቹ እንዳልተነገራቸው ይሰማቸው ነበር፤ ይሁንና ቀኑ በትምህርት ቤቱና በካውንስሉ መመሪያ ላይ ታትሟል፤ የማያሸንፍ ክርክር ደግሞ የሚያሸንፈውን ጊዜና ትኩረት ይበላበታል። ፓነሉ አሠራሩ ሕጋዊ እንደሆነና ተጨማሪ ተማሪዎችን መቀበል ትምህርት ቤቱን እንደሚጎዳው ወሰነ።

ሁለተኛው ደረጃ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ነው። እናቷ በሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ሆኖም በዚህ ቀን በአማርኛ መናገርን መርጠው አስተርጓሚ አስቀድመን ጠይቀን ነበር፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ሰብሳቢዋ ወረቀቶቹን አንብባ እንደመጣች ከጥያቄዎቿ ያስታውቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ቼሎ ተሸክማ በአውቶቡስ እንዴት እንደምትመላለስ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው ቼሎ ቤት ለመለማመጃ እንደሚሆን፣ እዚያ ሌላ እንዳለ፣ አውቶቡሱም በዚህ ዕድሜ ላሉ የለንደን ልጆች ነጻ እንደሆነ አባቷ መለሱ። ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነበር። ልጅቷ ወደተመደበችበት ትምህርት ቤት ብትሄድና ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ሙዚቃ ብትማር ምን ይጎድልባታል?

እናቷ ወዲያው አልመለሱም። ከዚያ በጽሑፉ ላይ ያልነበረ ነገር ተናገሩ፦ «ቅዳሜ የየኔታ ቀን ነው፤ ጆሮዋ ያደገው እዚያ ነው። ዓይኗ ግን ብቻውን አያድግም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ያንኑ ወረቀት የሚያነብ ልጅ በየሳምንቱ ያስፈልጋታል፤ እሱን ደግሞ እኔ ቤት ውስጥ ልሰጣት አልችልም።» አስተርጓሚው ሲጨርስ ከትምህርት ዓለም ውጪ የመጡት የፓነሉ አባል የነጥብ ዝርዝሩን አውጥተው 18ቱንና 12ቷን በእስክሪብቶ አመለከቱና ለሰብሳቢዋ አሳዩ። ከዚያም ወደ ትምህርት ቤቱ ተወካይ ዞረው፣ በጀማሪዎቹ የአውታር ቡድን ስንት ቼሎ እንዳለ ጠየቁት፤ አንድ ብቻ እንደሆነ መለሰ።

ውሳኔው በጽሑፍ ደረሰ፤ ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል። ደብዳቤው ልጅቷን ተሰጥኦ ያላት ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቅሳል። የቀረው ምክንያት ሁሉ በመስማት ባደገ የሙዚቃ ችሎታና በንባብ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ይህንን ለመሙላት የአውታር ቡድን ያለውን ጥቅም፣ በተመደበው ትምህርት ቤት ይህ አለመኖሩን፣ የውሰት ቼሎው መመለስና ቤተሰቡ በግል መግዛት አለመቻሉን ይዘረዝራል። አንድ ተማሪ መጨመር በትምህርት ቤቱ ላይ የሚያደርሰው ጫና መኖሩን ፓነሉ አምኖ፣ በልጅቷ ላይ የሚደርሰው ግን እንደሚበልጥ ወስኗል። ይህ ውሳኔ ትምህርት ቤቱን ያስገድደዋል።

በዚያው ቀን፣ ለዚያው ትምህርት ቤት፣ ሌላ ያገሬ ልጅ ቤተሰብም ይግባኝ አቅርቦ ነበር። ልጃቸው በፒያኖ አምስተኛ ደረጃን አልፏል፤ እኔ እንደሰማሁት ከቼሎ ተማሪዋ የሚያንስ ተሰጥኦ የለውም። ያስገቡት የምስክር ወረቀቶችን፣ የቪዲዮ አድራሻና ረጅም የልመና ደብዳቤ ነው፤ የአስተማሪው ደብዳቤ የደረሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሆነ። የተመደበበት ትምህርት ቤት ፒያኖም የፒያኖ አስተማሪም አለው። ፓነሉ በዚህኛው ጉዳይ ልዩነቱ አልታየውም፤ እኔም በፓነሉ ወንበር ብቀመጥ በቀረበልኝ ወረቀት ብቻ ሌላ ነገር ለመወሰን እቸገር ነበር። ወላጆቹ ከውሳኔው በኋላ መጥተው ሲያማክሩኝ የቀራቸውን መንገድ አሳየኋቸው። ተጠባባቂ ዝርዝሩ ቢያንስ እስከ ዲሴምበር 31 ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ቅደም ተከተሉ በቅበላ መሥፈርቱ እንጂ በተመዘገቡበት ቀን አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል። በችሎቱ አካሄድ ላይ ስሕተት ካለ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ የትምህርት ቤቱ ዓይነት አቤቱታው ለእንባ ጠባቂው ወይም ለትምህርት ሚኒስቴሩ መቅረቡን ይወስናል፤ ሁለቱም ግን ውሳኔው አልተስማማኝም በሚል ብቻ ጉዳዩን እንደ አዲስ አያዩትም። ለዚያው የትምህርት ዓመት ሁለተኛ ይግባኝ የሚሰማውም ሁኔታው በጉልህ ከተለወጠ ነው።

ቤተሰቡ በአካሄዱ ላይ ቅር የሚያሰኝ ነገር ስላላገኘ አቤቱታውን ተወው፤ ልጁ በተጠባባቂ ዝርዝሩ ላይ ነው። እናቱ በዚህ መካከል ለተመደበው ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ጽፈው ልጃቸው በምሳ ሰዓት የሙዚቃ ክፍሉን ፒያኖ መጠቀም ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል፤ ኃላፊውም ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ክፍሉን ሊከፍትለት ተስማምቷል።